ማሽኑ ተንፍሶ እስኪጨርስ

የካቲት 9

የክሊኒኩን መጋረጃ ጨረስኩ። ስንት መስኮት አላቸው ጃል! ሁሉም አረንጓዴ። ለትንሽ ጊዜ አረንጓዴ ጨርቅ ባላይ ቅር አይለኝም።

ከምሳ በኋላ እንደ ልማዳችን የአባዬ ልምምድ። መስኮቱን በመጋረጃ ጋረድኩ፣ ፕሮጀክተሩን አበራሁ፣ የእማዬ አፍ ግድግዳውን ሞላው። እስካሁን አልለመድኩትም። ከበር የሚሰፋ አፍ፣ ያውም ከነፍንጭቱ። እማዬ ፍንጭቷ እንዲህ እንደሚጎላ ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ለመቀረጽ እሺ አትልም ነበር።

አባዬን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቃል ከአፉ አልወጣም። ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ይስቃል፣ ይቆጣል... ቃሉ ብቻ የለም። ዓይኑም ስለተጎዳ የስልክ ምስል አይታየውም። የንግግር ባለሙያዋ ናት "በትልቁ ይየው" ያለችው። የሚያውቀው ሰው ከንፈር እንዴት እንደሚገጥም፣ እንዴት እንደሚከፈት እያየ ይከተል አለች። ታናሽ ወንድሜ ኳስ ሊያይበት ገዝቶት፣ ሥራ ሌላ ከተማ ሲያገኝ ጥሎት የሄደው ፕሮጀክተር ትዝ አለን። እማዬ ቃላቱን አንድ በአንድ ተቀረጸች። ና። ውሃ። ዳቦ። በር። እያለ ይቀጥላል። የመጨረሻውን ቃል ግን እኔ በሌለሁበት ነው ከባለሙያዋ ጋር የቀረጹት። ምንድን ነው ስላት፣ "ስንደርስ ታዪዋለሽ" ትለኛለች።

መቼ ደረስን! ሁሌ መንገድ ላይ ይጠፋል። ዛሬ "በር" ላይ። እማዬ ከንፈሯን ገጥማ ልትከፍት ስትል ድርግም። ጨለማ ውስጥ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ። አባዬ ከንፈሩን እንደገጠመ ቀረ።

ለምንድን ነው ግን?

የካቲት 10

ዛሬም ጠፋ። አባዬ ፊቱን አዞረብን። እራት ላይም አላየኝም።

የካቲት 12

ባለሙያዋ መጣች። ከቦርሳዋ አንድ ሰሌዳ አወጣች፤ ሥዕል የተደረደረበት። ብርጭቆ፣ አልጋ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የሚያለቅስ ፊት... የፈለገውን በጣቱ ያሳያል ማለት ነው። በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ተመልሳ ታየዋለች። እስከዚያ አንድ ቃል እንኳ ካልጀመረ ወደ ሰሌዳው እንሻገራለን አለች። ክፉ ሰው አይደለችም። ቀስ ብላ፣ አባዬን ዓይን ዓይኑን እያየች ነው የነገረችን። ልምምዱ መሀል ላይ እየተቋረጠ እንደሆነ ስነግራት አልወደደችውም። ማሽኑ ሲጠፋ ያቃተው እሱ ይመስለዋል አለች።

እማዬ ሸኝታት ተመለሰች። ወንበር ላይ ሳትቀመጥ፣ ቆማ፣ "ስንት ዘመን ያወራኝ ሰውዬ ሥዕል ሊያሳየኝ?" አለች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ሰሃን መልሳ አጠበች።

እኔም ፈራሁ። የሚያለቅሰው ፊት ነው ከዓይኔ ያልጠፋው... አባዬ ሲከፋው ያቺን ክብ ፊት በጣቱ ሲነካ ማየት አልፈልግም። እንግዲህ ማሽኑን ማወቅ አለብኝ። ከመጋረጃ ሌላ የማውቀው ነገር የለም፣ ግን ምን ይሳነኛል?

የካቲት 13

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ቤት ውስጥ "አዋቂው" ነው የምንለው፤ ያልተጠየቀውንም ስለሚመልስ። ሞቆት ነው አለኝ። ሲሞቅበት ራሱን ለማዳን ይጠፋል።

ራሱን ለማዳን! ይሄን ወደድኩለት። እኛ ተበላሸ ስንል እሱ ለካ ነፍሱን እያዳነ ነው። ምን ላድርግ ስለው "ንፋስ ስጪው" ብሎ ዘጋው። አዋቂው መቼም ዝርዝር ላይ የለም።

ማሽኑ ቡፌው ላይ ነው ያለው፤ በብርጭቆና በሰሃን መሀል፣ መስኮቱ አጠገብ። ከላዩ የእማዬ ዳንቴል። እማዬ ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ አይሆንላትም። ቲቪው ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮው ዳንቴል አለው፣ ስኳር ዕቃው ዳንቴል አለው። እኔም አንድ ቦታ ረዘም አድርጌ ከተቀመጥኩ ሳታለብሰኝ አትቀርም። ሲሠራ ወደ ኋላ ገለጥ እናደርገዋለን፣ ሲጠፋ ወዲያው ትመልሰዋለች።

አነሳሁት። "ለአቧራ ስጪው እንግዲህ" ብላ አኮረፈች።

እጄን ወደ ግራ ጎኑ አስጠጋሁ። ትኩስ! የዳቦ ቤት በር ሲከፈት ፊት ላይ የሚመጣው ዓይነት። በቀኝ ጎኑ ግን ምንም የለም። ያም ቀዳዳ ነው፣ ይሄም ቀዳዳ ነው። አንዱ ለምን ይሞቃል፣ አንዱ ለምን ዝም ይላል?

የካቲት 14

የጠረጴዛ ማራገቢያዬን አምጥቼ በሚሞቀው ጎን ደቀንኩበት። የሞቀ ነገር ይራገባል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? እንደውም "ሙሉ ኃይል" ላይ አደረግኩት።

ከሌላው ቀን ፈጥኖ ጠፋ። "ዳቦ" ላይ እንኳ አልደረሰም።

አባዬ በግማሽ ፊቱ ሳቀብኝ። ይሳቅብኝ፣ ቢያንስ ፊቱን አላዞረም።

ንፋስ ጨምሬለት እንዴት ብሎ ይብስበታል? ቀኑን ሙሉ እሱን ሳስብ የአንዷን ደንበኛ ጨርቅ አጣምሜ ቆረጥኩ።

የካቲት 16

አገኘሁት! ቢያንስ ግማሹን።

ነፋስ አይታይም፤ ክር ግን ይታያል። ክር ደግሞ እዚህ ቤት ሞልቷል። ጣት የሚያህል የሚያህል ቆራርጬ በሁለቱም ጎን ቀዳዳዎቹ አፍ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ። አበራሁት። በግራ ያሉት ወደ ውጭ ተነስተው ተንቀጠቀጡ። በቀኝ ያሉት ወደ ውስጥ ተሳቡ፣ ወንፊቱ ላይ ልጥፍ አሉ። ደጋግሜ አጠፋሁ አበራሁ፤ ማየቱ ደስ ስላለኝ ብቻ። ማሽን ይተነፍሳል ለካ። በቀኝ ያስገባል፣ በግራ ያስወጣል። እኔ ደግሞ ማራገቢያዬን ያመጣሁት በሚያስወጣበት በኩል ነው! ሊተነፍስ ሲል አፉ ውስጥ መልሼ ሳጎርሰው ነበር። አባዬ በሳቀብኝ አልፈርድም።

ከዚያ ረዘም ያለ ክር ይዤ ተከተልኩት። ትኩሱ አየር ወጣ፣ መጋረጃዬን መታ፣ ወደ ላይ ተነሳ፣ ግድግዳውን ታኮ ዞረና... በቀኝ ጎኑ ተመልሶ ገባ። የተነፈሰውን ራሱ መልሶ ይስበዋል። ለምን አይሞቀው? መጋረጃው ደግሞ የማን ሥራ ነው? የእኔ። ብርሃን እንዳያልፍ ብዬ ሁለት ገበር ያደረግኩበት፣ ወለል ድረስ ያስረዘምኩት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የማስጎበኘው።

በቀኝ በኩል ክዳን ቢጤ አለች። ስከፍታት ፊልትሮው ወጣ። ፊልትሮ ልበለው? ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። እዚሁ ሳሎን ውስጥ ስለምሰፋ የጨርቁን ብናኝ ሁሉ ሲስብ ከርሟል። ከላይ አረንጓዴ፤ ክሊኒኩ። ሥሩ ክሬም፤ የጥርስ ሐኪሟ መጋረጃ። ከሥር ወይን ጠጅ፤ የዚያች ስፌቱን ሦስት ጊዜ ያስፈታችኝ ሴትዮ። የዓመት ሥራዬ በየተራው ተነጥፎ አገኘሁት። ራሴን ታዘብኩ፣ ሳቄም መጣ።

በብሩሽ ቀስ ብዬ አጸዳሁት። የስፌት ሲንጀሬን ወደ መኝታ ቤቴ አዛወርኩ። ፕሮጀክተሩን ከቡፌው አውርጄ መሀል ቤት በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፤ በግራም በቀኝም የሚነካው ነገር የለም። እማዬ "መሀል ቤት እንደ ዳኛ ጎለትሽው" አለች።

ይጎለት።

የካቲት 18

"በር"ን አለፍን!

አባዬ አቀማመጡን አስተካከለ። ከንፈሩ እየተከተለ ነው፣ ድምፅ ባይወጣም። እኩሌታው ላይ በሪሞት አጠፋሁትና አረፍን፤ ውሃውን ጠጣ። ከዕረፍት በኋላ ስቀጥል ግን ሁለት ቃል እንኳ ሳይሄድ ድርግም። ቀይ መብራት።

መጋረጃው ርቋል። ፊልትሮው ንጹሕ ነው። ዳንቴሉ መሳቢያ ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን እኩሌታ ምንም አይለው፤ አርፎ ሲነሳ ይብስበታል። የሚያርፍ ነገር ይቀዘቅዛል እንጂ...?

የካቲት 19

ያው። ከዕረፍት በኋላ ጠፋ።

ክሮቹን ደግሜ አየሁ። በትክክል ይተነፍሳል። ምን እያመለጠኝ ነው?

የካቲት 21

ዛሬ በዕረፍቱ ሰዓት ውሃ ላመጣ ወጥ ቤት ሄድኩ፣ ብርጭቆውን ሳሎን ረስቼ ተመለስኩ። አባዬ ከወንበሩ ላይ የለም።

ቆሟል። ብቻውን! በግራ እጁ ግድግዳውን ይዞ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ሶኬቱ ጋ ደርሷል። ጎንበስ አለ። ነቀለው። ገመዱን በደህናው እጁ ጠቅልሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እኔን አየና... ደስ ብሎታል። ፊቱ ላይ "ጨረስኩ" የሚል ነገር አለ። ቀስ እያለ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ማሽኑ ጸጥ ብሏል። ነካሁት። ካውያ ስነካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ነው የጋለው።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሪሞቱን ስጫን አምፖሉ ይጠፋል፤ የውስጡ ማራገቢያ ግን ትንሽ ይቀጥላል። ሰምቼው አውቃለሁ፣ ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም። ለካ ውስጥ የቀረውን ሙቀት እያስወጣ ነው። አባዬ መሀል ላይ ሲነቅለው ትንፋሹ ይቋረጣል፣ ሙቀቱ እንደታፈነ ይቀራል። በዚያ ላይ እኔ መልሼ ሰክቼ አስነሳዋለሁ። ተነቅሎ ሳገኘው ለምን ጠርጥሬ አላውቅም? እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ሁሌ ተነቅሎ ነው የሚገኘው። እግሩ ሳይያዝ በፊት የሚነቅለው አባዬ ነበር፤ አሁን ደግሞ እማዬ የምትነቅለው ይመስለኝ ነበር።

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የሠራው፤ ዘጊ ነበር። አንባቢው ሁሉ ሲወጣ ክፍል ለክፍል እየዞረ መብራት ያጠፋል፣ ሶኬት ይነቅላል፣ በር ይቆልፋል። ያን ሁሉ ወረቀት ከእሳት ጠብቆ ነው ያስረከበው። ቤትም ሲመጣ ያው ነበር። ልጆች ሆነን ሬዲዮ እየሰማን ይነቅልብን ነበር፤ ስንጮህ "እምቢ፣ ይበቃል!" እያለ።

አሁን እዚህ ቤት በራሱ የሚሠራው ነገር ይሄ ብቻ ነው። ይመገባል፤ እማዬ ታጎርሰዋለች። ይለብሳል፤ እኔ አለብሰዋለሁ። ሶኬት ግን ራሱ ይነቅላል።

ምን ብዬ ነው የምከለክለው?

የካቲት 22

ለእማዬ ነገርኳት። ለካ ታውቃለች! በየቀኑ እየነቀለ እንደሆነ አይታ፣ ወጥ ቤት ሆና ደስ ሲላት ነበር። "ዝም በይው። ማሽኑ ቢፈልግ ይቃጠል" አለች። ማሽኑ ከተቃጠለ ሰሌዳው እንደሚመጣ ሳስታውሳት ጨነቃት። እኔንም ጨንቆኛል።

አዋቂው በስልክ፣ "ሶኬቱን ከቡፌው ኋላ ደብቁታ!" አለ። ይሄ ልጅ ማሽን ያውቃል፣ ሰው አያውቅም። አባዬ ያን ያህል መንገድ ተጉዞ ሶኬቱን ቢያጣው ነገ ከወንበሩ ለምን ይነሳል?

የካቲት 24

ዛሬ ልምምድ አላደረግንም። ማሽኑን አብርቼ ትንሽ አቆየሁትና የአባዬን ወንበር አጠገቡ አስጠጋሁ። ደህና እጁን ይዤ በግራ ጎኑ ደቀንኩት። ትኩሱ ሲነካው ቅንድቡ ተነሳ። "ይሄ የውስጡ ሙቀት ነው" አልኩት። ከዚያ በሪሞት አጠፋሁት፣ እጁን ግን አለቀቅኩም። ግድግዳው ጨለመ፤ ንፋሱ ቀጠለ። አየኝ። "እየተነፈሰ ነው" አልኩት። ትኩሱ ለብ አለ። ለብ ያለው ቀዘቀዘ። ማራገቢያው እያቃሰተ፣ እየዘገየ... ቆመ።

"አባዬ፣ እኔ ወጥ ቤት ስሆን አልሰማውም። ተንፍሶ እስኪጨርስ አንተ ጠብቀው። ሲያበቃ ንቀለው።"

ጥፋቱ ያንተ ነው አላልኩትም። ግን ሞኝ አይደለም። ሶኬቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፣ ማሽኑን ተመለከተው፣ ከዚያ እኔን። ያቺ የግማሽ ፊት ሳቅ መጣች። ተነሳ፣ ግድግዳውን ይዞ ሄደ፣ ነቀለ።

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እማዬ ምን ሆንሽ ስትለኝ ሽንኩርት አልኳት። ሽንኩርት አልነበረም።

የካቲት 27

ጨረስነው! እስከ መጨረሻው፣ አንዴም ሳይጠፋ።

በዕረፍቱ አባዬ መዳፉን ማሽኑ ጎን ላይ አድርጎ፣ የሕመምተኛ ልብ ትርታ እንደሚያዳምጥ ሐኪም ፊቱን ኮስተር አድርጎ ጠበቀ። ሲቆም ተነስቶ ነቀለ። ተቀመጠ። ሁለተኛው እኩሌታ ያለ ችግር ሄደ።

የመጨረሻው ቃል መጣ። የእማዬ አፍ ግጥም አለ፣ በደንብ ተጨቆነ፣ ተከፈተ። "እምቢ።"

እምቢ?! ከቃል ሁሉ? ዞሬ አየኋት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። "ከንፈሩ ገጥሞ ስለሚታይ ለማየት ይቀላል ብላኛለች ባለሙያዋ" አለች። ከዚያ ቆይታ፣ "ዕድሜ ልኬን እምቢ ሲለኝ ነው የኖረው። ዝም ማለቱን ነው ያልቻልኩት" አለች።

አባዬ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሊለው ሞከረ። ከንፈሩ ገጠመ... ድምፅ የለም። ቢሆንም ገጠመ።

መጋቢት 3

"ምምም" ይላል! ከንፈሩን ገጥሞ፣ ከአፍንጫው። መክፈቱ ላይ ነው ያቃተው።

ማሽኑ ዛሬም አልጠፋም። ቀኑ እየሞቀ ስለሆነ ከላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ከፈትኩለት፤ ክሮቹ በደስታ ተወዛወዙ። ብርሃን ትንሽ ገባ፣ የእማዬ አፍ ፈዘዝ አለ። ይሻላል። አየር ወይስ ጨለማ ቢሉኝ አሁን አየር ነው የምለው። እኔ፣ ሁለት ገበር የምሰፋው!

መጋቢት 9

"ምምም" ብቻ። ስድስት ቀን ሙሉ። ባለሙያዋ ልትመጣ ነው።

እማዬ ዳንቴሉን አጥባ ተኮሰችው። እንግዳ ይመጣል ብላ ነው። ማሽኑ ካልቀዘቀዘ አይለብስም ብያት እሺ ብላለች፤ የእማዬን እሺ ግን አውቀዋለሁ።

መጋቢት 14

ሳልተኛ ልጻፈው።

ባለሙያዋ ከምሳ በኋላ መጣች። አባዬ ሸሚዙን ቀይሮ ነበር። ማሽኑ ሠራ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አባዬ ግን... እንግዳ ፊት ሆነበት መሰለኝ፣ ጭራሽ "ምምም"ም ጠፋ። ከንፈሩ ተከተለ፣ ድምፅ የለም። "እምቢ" መጣ፣ ሄደ። ምንም። ሪሞቱን ተጫንኩ። ግድግዳው ጨለመ። ባለሙያዋ አባዬን ጥሩ ሞክረዋል አለችው፤ ከልቧ ነው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ያቺ የምታለቅስ ፊት ወደ እኔ ዞራለች። እማዬ ተነሳች። ሰሌዳውን ላለማየት ይሁን፣ ዕቃው ራቁቱን መቀመጡ እንግዳ ፊት አሳፍሯት ይሁን፣ ዳንቴሉን ከመሳቢያ አወጣችና ማሽኑ ላይ ዘረጋችው። ማራገቢያው ገና እየዞረ ነው። የዳንቴሉ ጠርዝ በትኩሱ ንፋስ ብድግ አለ፤ በእጇ ጫን አደረገችው።

"እምቢ!"

እኔ አይደለሁም። ባለሙያዋ አይደለችም።

እማዬ እጇ ዳንቴሉ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። "ምን አልክ?"

አባዬ በእጁ ማሽኑን አሳየ። ፊቱ ቀልቷል፤ እንደ ጥንቱ ተቆጥቷል። ከንፈሩን ገጠመ፣ ጨቆነ። "እምቢ።"

እማዬ ዳንቴሉን አነሳች። ደረቷ ላይ እንደያዘችው ወንበር ላይ ቁጭ አለችና፣ "ጀመረኝ ደግሞ" አለች። እያለቀሰች ነበር። አባዬ ግን አላያትም፤ ሥራ ላይ ነው። መዳፉን ማሽኑ ጎን ላይ አድርጎ ጠበቀ። እኛም ጠበቅን። ማራገቢያው ሲቆም ተነሳ፣ ግድግዳውን ይዞ ሄደ፣ ሶኬቱን ነቀለ።

ባለሙያዋ ሰሌዳውን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

መጋቢት 21

መጋረጃዬን አንድ ክንድ አሳጠርኩት። ገበሩንም አንዱን ፈታሁ። ሳሎኑ ነፍስ ዘራ።

"ና" እና "ውሃ" እየመጡ ነው፤ ገና ጥርት አላሉም። "እምቢ" ግን ጥርት ብሏል፤ ከጠዋት እስከ ማታ። ገንፎ እምቢ፣ ሹራብ እምቢ፣ መስኮቱን መዝጋት እምቢ። እማዬ ወጥ ቤት እየመጣች ምን አስተማራችሁብኝ ትለኛለች፤ የተቀረጸችው ማን ሆነና!

አሁን ከመኝታ ቤቴ እየሰፋሁ እሰማቸዋለሁ። ሻይ ላምጣልህ ወይ አለችው። እምቢ አላት። የብርጭቆ ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ብዬ ሳይ ቀድታ ሰጥታዋለች፤ በደህና እጁ ይዞ እየጠጣ ነው።